የተረፉት አራት ብርጭቆዎች

በብርጭቆ ፋብሪካው ዕቃ ቤት ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ደርዘን» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ የቆጠረችው በአውራ ጣቷ የቀሩትን አራት ጣቶች አንጓ እየነካካች ነው፤ በየጣቱ ሦስት፣ በድምሩ ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ሁለት ብርጭቆ አንድ ደርዘን፣ ዐሥራ ሁለት ደርዘን አንድ ሣጥን። ካርዷ ላይ 2-3-4 ብላ ከጻፈች ሁለት ሣጥን፣ ሦስት ደርዘንና አራት ነጠላ ማለቷ ነው። ተሳስታ አታውቅም።

ታናሽ እህቷን ለምና ያስቀጠረቻት እሷው ናት፤ ጣጣውን በገዛ እጇ አመጣችው። ታናሽየዋ እንደ ማንኛውም ሰው በዐሥር ትቆጥራለች፤ ግን አንዲት ብልሃት አለቻት። ብርጭቆ ለደንበኛ የሚላከው ዘጠኝ በሚይዝ ካርቶን ነው። ኃላፊው «የሚተርፍ አለ?» ሲላት አሃዞቹን ደምራ እዚያው ትመልሳለች። 504? አምስትና አራት ዘጠኝ፤ ምንም አይተርፍም። ኃላፊው ይደነቃል፣ ጫኞቹ ይስቃሉ፣ የደርዘን አንጀት ያርራል። ኃላፊው በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ገና አልተናገረም። ትናንት አፍንጫዋን የጠረገችላት ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ቁልፍ ልትወስድባት ነው እንግዲህ።

አንድ ጠዋት ኃላፊው ስለ አንድ ጭነት ሲጠይቅ፣ ታናሽየዋ 328 ብላ ጽፋ ሳትጨርስ ደርዘን ቀደመቻት። ካርዷን አየች፤ ያው ቁጥር በእሷ አጻጻፍ 2-3-4። ሁለትና ሦስት አምስት፣ አራት ሲጨመር ዘጠኝ።

«ምንም አይተርፍም» አለች ኮራ ብላ።

ታሸገ። አራት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ማንም አልሳቀባትም፤ የባሰውም ይኸው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በምሳ ሰዓት ብቻዋን ተቀምጣ ቁጥር እንኳ ለሰው ፊት ያደላል እያለች አጉረመረመች። ከዐሥር ብርጭቆ ዘጠኙን አነሳች፤ አንድ ቀረ። ከመቶም ዘጠና ዘጠኙ ቢነሳ አንድ ይቀራል። ለካ እያንዳንዱ ዐሥርና እያንዳንዱ መቶ አንድ አንድ ስለሚያተርፍ አሃዞቹ ራሳቸው ትርፍ ናቸው! ከአንድ ደርዘን ብርጭቆ ግን ዘጠኝ ሲነሳ ሦስት ይቀራል። አንድ እንዲቀር ዐሥራ አንድ መነሳት አለበት፤ ከሣጥኑም ዐሥራ ሦስት ጊዜ ዐሥራ አንድ ቢነሳ የሚቀረው አንድ ነው። ከመደርደሪያው 2-3-4 አውርዳ ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ እያደረገች ደረደረች። ሃያ ዘጠኝ ረድፍ ሆነና ልክ የአሃዞቹን ድምር ያህል ዘጠኝ ብርጭቆ ተረፈ። ብልሃቱ በእሷም አቆጣጠር ይሠራል፤ ዘጠኝን ትቶ በዐሥራ አንድ።

እህቷን ልታሳፍራት ጠራቻት። «ለመሆኑ ዘጠኝ የሆነው ለምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ እትዬ፤ ትምህርት ቤት እንዲህ አሉን፣ ያዝኩት።»

ደርዘን ከንፈሯን እየነከሰች አስረዳቻት። ታናሽየዋ ረድፎቹን አንድ በአንድ አይታ ስትጨርስ ወጣች፤ ኃላፊውን ይዛው ተመለሰች።

«የእኔ የተነገረኝ ነው» አለችው። «እሷ ግን ራሷ አገኘችው።»

በወሩ መጨረሻ ቁልፉ ለደርዘን ተሰጠ። ከሁሉም በላይ ደስ ያላት እህቷ ነበረች፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ደርዘን ቁልፉን ጨብጣ ቆመች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ያገኘችው ታናሽየዋ ብትሆን፣ እሷ ኃላፊውን ትጠራ ነበር? አትጠራም። ይህን እሷ ብቻ ታውቃለች። በእህቷ ላይ እንደዚያን ቀን ቀንታ አታውቅም።