የባሕር ዛፍ ከሰልና የመዳብ አር

የምድጃን ነገር ማንም አላስተማረኝም። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከየካ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ አርመን መዳብ የሚያቀልጡበት ግቢ ነበራቸው። እዚያ ወናፍ ነፊ ሆኜ ገባሁ። የፈረንጅ ፊደል ራሴው ቆጥሬ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የጣሊያን መጽሐፍ የማቅለጥን ጥበብ ቀሰምኩ። ከሠፈራችን ከእኔ በፊት ኦክስጅን የሚለውን ቃል ያወቀ ካለ ይምጣ!

መዳብ ሲቀልጥ ከላዩ ጥቁር ነገር ይሰፍፋል፤ አር እንለዋለን። በውስጡ ኦክስጅን የያዘው መዳብ አለ። የጋለ ከሰል ሲገባበት ኦክስጅኑን ይነጥቀውና ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ መዳቡ ነጽቶ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ለግቢው ያሳየሁት እኔ ነኝ። ጓሮ የተከመረውን አር መልሼ እያቀለጥኩ፣ ጡጫ የሚያክል የወይራ ከሰል እየጨመርኩ መዳብ አወጣ ነበር። ማለዳ የተጣደው እስከ ማታ ይቆያል፤ ቢሆንም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። እሱ እስኪመጣ ድረስ።

እሱ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ አባቱ ከእንጦጦ ጀርባ ማረሻ ይሠሩ ነበር። ቁመናው ያማረ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሰው የሚያስቅ። ገና ሲገባ ጠላሁት። ሙሴ፣ ባለቤቱን እንዲህ ነበር የምንጠራቸው፣ ጉልበታቸው ስለደከመ የምድጃ አለቃ ሊሾሙ መሆናቸውን ነገሩን። እኔ ሹመቱ የእኔ ነው ብዬ ለሚስቴ አውርቼ ጨርሻለሁ።

አንድ ቀን ያ ሰው የባሕር ዛፍ ከሰል ሰባብሮ አመጣ። ቀላል፣ ቶሎ አመድ የሚሆን፣ ባለሙያ ሴት የምትንቀው ከሰል።

«ወጥ ልትሠራ ነው?» አልኩት።

«እርስዎ ጨው ይዘው ብቅ ይበሉ፣ ጋሼ።»

ግቢው ሳቀ። እሱ እፍኝ እፍኝ እየጨመረ በብረት ዘንግ ያማስለዋል፤ አሩ አረፋ ይዞ ይነሣል፣ ይተኛል። ምነው በገነፈለበት እያልኩ ስመኝ ምሳ ሳይደርስ መዳቡን ጨርሶ አወጣ። ሙሴ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የእኔን ትከሻ አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም።

ምክንያቱን ግን ያወቅሁት እኔ ነኝ። ቀላሉ ከሰል ገላው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሲሰባበር ደግሞ አሩ የሚነካው ገጽ ይበዛል። ነጠቃው የሚፈጥነው ለዚህ ነው። እንግዲያው እሱ ከሰባበረው እኔ ላድቅቀው! በማግስቱ ከሰሉን በሙቀጫ ወቅጬ ሙሴን ጠራሁ።

«እፍኝ እፍኝ የልጅ ሥራ ነው» ብዬ ባንዴ ገለበጥኩት።

አሩ እንደ ወተት ገነፈለ። ከነመዳቡ እሳቱ ውስጥ ፈሰሰ፤ ማቅለጫውም ተሰነጠቀ።

«ዓይኑ ነው!» አለ ወናፍ ነፊው። «አፍጥጦ ሲያይ ነበር!»

ሁሉም ወደ ቀጥቃጩ ልጅ ዞረ። ያኔ የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል ይባላል፤ ማቅለጫማ ምን አላት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሙሴም ሳይቀሩ በጥርጣሬ አዩት። ዝም ብል ኖሮ ያን ዕለት ይባረር፣ ሹመቱም የእኔ ይሆን ነበር።

ግን እንዴት ዝም ልበል? መዳቡን ቀድሞኝ ማውጣቱ ሳያንስ፣ በእኔ ምድጃ ላይ ዓይኑ ሥልጣን ይኑረው?

«ምን ዓይን አለው እሱ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጋዝ ነው! ከሰል ደቅቆ ባንዴ ሲገባ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይፈላና አሩን ይዞት ይነሣል። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ብቻ!»

ሙሴ ጢማቸውን አሹ። «እንግዲያው እፍኝ እፍኝ የሚጨምረው አለቃ ይሁን» አሉ።

ከተሾመ በኋላ አንድ ቀን አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያ ከሰል ለምንድን ነው የሚፈጥነው? እኔ እንደሁ እናቴ ከእንጦጦ የምታወርደው እሱን ስለሆነ ነው ያመጣሁት።»

ጆሮዬ ጋለ። አለቃዬ ነውና መመለስ ግድ ሆነብኝ። ግማሹን ነገርኩት።