ስመኝን የነፈግኋት ጽዋ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። እሳቸው ያን ዕለት ቤቴ ተቀምጠው ነበር፤ አይተዋል፣ ሰምተዋል፣ ዝም ብለዋል። ዝም ላሉ ሰው ምን ብዬ ልናዘዝ? ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ።

እኔ ደብረ ታቦር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጧፍና ነጠላ የምሸጥ ሴት ነኝ። ከጠዋት ኪዳን የማልቀር፣ ጾም የማልሽር፣ የሰው ልጅ ቀሚስ ማጠሩን ከሩቅ የማይ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ልመጻደቅ ፈልጌ አይደለም። የበደልሁት በዚሁ መንፈሳዊነቴ ስለሆነ ነው።

የዚያ ዓመት አገር አቀፍ ምርጫ ሲቃረብ የማርያም ማኅበራችን ሴቶች አንድ ልብ ሆንን። ሃይማኖታችንን ያስከብራሉ፣ ልጆቻችንን ከመጥፎ ነገር ይጠብቃሉ ያልናቸው ሰዎች ተወዳድረው ነበር። እንዲያሸንፉልን ሱባኤ ገባን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምን፣ ሰገድን፣ ተሳልን። ሰብሳቢዋ እኔ ነበርሁና ያልታመመች አትቅር ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር እንደሚሰጠን ቅንጣት አልተጠራጠርሁም። አሁን ሳስበው ልመና አልነበረም፤ ከፈጣሪ ጋር የተዋዋልሁ መስሎኝ ነበር።

ውጤቱ በሬዲዮ ሲነገር ሱቄ ውስጥ ጧፍ እየቋጠርሁ ነበር። ተሸነፍን። በጥቂት ቢሆን ኖሮ ተጭበርብሮ ይሆናል ብዬ እጽናና ነበር፤ በጣም ነው የተሸነፍነው። ጧፉ ከጭኔ ላይ ተበተነ። ማን ዘንድ ሄጄ ልጩህ? ማንን ልክሰስ? ያሸነፉት ሰዎች እኔ መኖሬንም አያውቁ።

ይህን ጊዜ ስመኝ ገባች። ስመኝ ከገሳይ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ ስትመለስ ከሱቄ ጀርባ የሴቶች ጸጉር ቤት ከፍታ ነበር። የበተንሁትን ጧፍ ተንበርክካ ለቀመችልኝና፣ ምርጫ ነው እቴቴ፣ አንዱ ያሸንፋል ሌላው ይሸነፋል፣ አይክፋዎት አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ቆሰልሁ። እኔ እየነደድሁ እርሷ ምን ቢቀልላት ነው አልሁ በሆዴ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቂም ያዝሁባት።

ስመኝ ከንስሐ አባታችን በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። ጸጉሬን እየሠራች ነው የነገረችኝ፤ ፊቷን እንዳላይባት ከኋላዬ ሆና። ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ደላላው በክርስቲያን ስም ሥራ የለም ብሏት፣ ፓስፖርቷ ላይ ሐያት ተብላ ሄዳለች። እዚያም በዚያ ስም ስትጠራ ኖራለች። ማዕተቧን የሻንጣዋ ገበር ውስጥ ሰፍታ፣ ብቻዋን ስትሆን በጣቷ እየዳበሰች ትጸልይ ነበር። ስትመለስ ንስሐ ገባች፣ ቀኖናዋን ፈጸመች፣ ቆረበች። ይህን በነገረችኝ ቀን እኔም አብሬያት አልቅሼ፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል ብያታለሁ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም።

የማርያም ዕለት ማኅበሩ በእኔ ቤት ነበር። ለቀጣዩ ወር ጽዋውን የምትረከበኝ ስመኝ ነበረች። ማኅበር ከገባች ወዲህ የመጀመሪያ ተራዋ ነው። ብቅሉን እናቷ ከገሳይ ልከውላት፣ ጋኑን አጥና፣ ጌሾውን ወቅጣ ነው የመጣች። ከስደት ለተመለሰች ልጅ ጽዋ ቤቷ ገባ ማለት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ ሰው ሆነሽ ተቆጥረሻል ማለት ነው። ጽዋውን የምትጠቀልልበት ነጭ ጨርቅ ታጥፎ ጉያዋ ውስጥ ነበር።

ጸሎት ደርሶ ዳቦው ተቆርሶ ወሬው ያው ምርጫው ሆነ። አንዷ፣ ይህን ያህል ጾመን እግዚአብሔር ለምን አልሰማንም አለች። ሌላዋ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። አላውቅም ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? እኔ ግን ያዘዝሁት ሱባኤ ከንቱ ቀረ መባሉን ፈራሁ። የአካንን ታሪክ አነሳሁ፤ እርም የሆነ ዕቃ ድንኳኑ ውስጥ ሸሽጎ እስራኤልን ሁሉ ያስሸነፈውን ሰው። በእኛም መካከል እርም የሸሸገ ባይኖር ኖሮ አንሸነፍም ነበር አልሁ። አፌ ከጀመረ በኋላ የሚያቆመው አላገኘም።

ስመኝ ነገሩ አልገባትም። ተራዋ ነውና ጨርቋን ዘርግታ ጽዋውን ልትቀበል ተነሳች። እኔ ጽዋውን ወደ ደረቴ ሳብሁት።

«ዓረብ አገር ስምሽ ማን ነበር?» አልኋት።

ስመኝ ወደ ሴቶቹ አላየችም፤ ያየችው እኔን ብቻ ነው።

«እቴቴ፣ እሱን ለእርስዎ ነው የነገርሁ» አለች።

ንስሐ ገብቻለሁ፣ ቆርቤያለሁ ማለት ትችል ነበር። የንስሐ አባታችንም ይህን ያውቁ ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ። እርሷ ጨርቋን መልሳ አጣጠፈችና ወጣች። ጽዋውን ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት ሰጠሁ። ሴቶቹ ለምን እንደተሸነፍን የተገለጠላቸው መስሏቸው ቀለል ብሏቸው ሄዱ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ፣ ቀለለኝ።

ያሸነፉንን ሰዎች እጄ አይደርስባቸውም፤ ስመኝ ግን እጄ ሥር ነበረች። ሌላው ሁሉ፣ አካኑም እርሙም፣ ሰበብ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃይማኖቷን ለውጣ ነው የመጣች እየተባለ ወሬው ከተማውን ዞረ። ጸጉር ቤቷን የሚረግጥ ጠፋ። የእርሷን ቤት ከሱቄ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት በሩን ስትከፍት እሰማለሁ፣ ወለሉን ስትጠርግ እሰማለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አልሰማም። ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ባንኳኳ ምን ነበረበት? ነገ እሄዳለሁ እል ነበር። አንድ ጠዋት በሩም ሳይከፈት ቀረ። መናኸሪያ ያደረሳት የባጃጅ ሾፌር ነው ተመልሳ ዓረብ አገር መሄዷን የነገረኝ። በምን ስም እንደሄደች ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ባለፈው ክረምት እናቷ ከገሳይ መጡ። አበልጄ ናቸው፤ ያን ዕለት የሆነውን አያውቁም፣ ልጃቸው አልነገረቻቸውም። የእኔን በደል ሸሽጋ ነው የሄደች። የስመኝ ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል አሉኝ። አንዷ ከዓረብ አገር ተመላሽ ታማለች ስትል ሰምተዋል፤ ሌላዋ ከቤት ጠፍታለች ብላቸዋለች፤ ያያት የለም። የአጥቢያቸው ቄስ እንጸልይላት፣ የክርስትና ስሟን አምጡ ብለዋቸዋል። አባቷ ያውቁት ነበር፣ እሳቸው ሞተዋል።

«አበልጄ፣ ስሟ ጠፋብኝ» አሉኝ። «ያነሷት እርስዎ ነዎት፤ እባክዎ ይንገሩኝ። ትኑርም ትሙትም ያለ ስም እንዳትቀርብኝ።»

ወለተ ሥላሴ አልኋቸው። እንዳይጠፋቸው ደጋግመው በአፋቸው አሉት። ልጄ በእርስዎ ጸሎት ነው እስካሁን የቆየች ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎነበሱ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ጧፍ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ጊዜው ከፍቶ ነው፣ ሁላችን ተናደን ነበር እንዳልል፣ ሌሎቹም ተናደው ነበር፤ ምስጢሯን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሕፃን ሆና አፍ በሌላት ጊዜ ታቅፌያት ስለ እርሷ ሰይጣንን እክዳለሁ ያልሁት በዚሁ አፌ ነው።

አሁን ሌላ ምርጫ እየመጣ ነው። ሴቶቹ ሱባኤ እንግባ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሰብሳቢነቱን ለሌላ ስጡ አልኋቸው፤ ምክንያቱን አልነገርኋቸውም። ጠዋት ቅዳሴ ላይ ካህኑ ስለ ሕያዋን ሲጸልዩ ወለተ ሥላሴ እላለሁ። ስለ ሙታን ሲጸልዩም ወለተ ሥላሴ እላለሁ። በየትኛው እንደምትገኝ አላውቅም።