የሾፌሩ ምሳና የእኔ ጉርሻ

ምግብ ቤት ገብቼ በሰላም በልቼ የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ምግቡ ገና ሳይቀርብ ስለ ጉርሻው አስባለሁ። አስተናጋጇን በዓይኔ እከተላታለሁ፤ ትንሽ ባስቀምጥ ትታዘበኛለች፣ ብዙ ባስቀምጥ ደግሞ ምን አስባ ነው ትለኛለች። አስቀምጬ እነሳለሁ፣ በሩ ላይ ስደርስ ተመልሼ እጨምራለሁ። ከወጣሁም በኋላ ገንዘቡን ማን እንዳነሳው ለማየት በመስኮት የማጮልቅበት ቀን አለ። ልጆቼ ከእኔ ጋር ውጭ መብላት ያፍራሉ። «እማዬ፣ ሂሳቡን ከፍለሻል እኮ፤ ምን ያቁነጠንጥሻል?» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ያቁነጠንጠኛል። አመሉን ያመጣሁት ከወልቂጤ ነው።

እናቴ ወልቂጤ ውስጥ፣ ከጅማው መንገድ ዳር፣ ምግብ ቤት ነበራት። አባቴ ሲሞት የከፈተችው ነው። በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት በዚያ መንገድ የሚመላለስ አንድ አውቶቡስ ነበር፤ አንድ ቀን ወደ ጅማ ይወርዳል፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሁለቱንም ቀን በምሳ ሰዓት እኛ በር ላይ ይቆማል። የምንኖረው በእሱ ነበር። ከገበያ ቀን በቀር የከተማው ሰው የሚበላው በቤቱ ነው፤ ገንዘብ አውጥቶ ሰው ቤት የሚበላ መንገደኛ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ የት እንደሚቆም የሚወስነው ሾፌሩ ነው። ስለዚህ ሾፌር የበላበትን አይከፍልም። ይህ በመንገዱ ሁሉ የታወቀ ሕግ ነበር፤ የጻፈው የለም፣ የሚያፈርሰውም የለም። ተሳፋሪው ፊተኛው ክፍል ውስጥ ሲጋፋ ሾፌሩ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ዘና ብሎ ይቀመጣል። የእሱን ክትፎ የምትከትፈው እናቴ ራሷ ናት። ቅቤው የተመረጠ፣ አይቡም ጎመኑም ሞላ ያለ፣ ጣባው የተወለወለ። በጾም ቀን እንኳ የእሱ ሽሮ ለብቻው ነው የሚሠራው።

ተሳፋሪዎቹ የእኔ ድርሻ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ፣ እሳት የላስኩ ቅብጥብጥ ነበርኩ። ከረፋድ ጀምሮ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አውቶቡሱ ሲደርስ ሁሉም እኩል ይርበዋል፣ ሁሉም እኩል ይጠራኛል። ገና በልተው ሳይጠግቡ ክላክሱ ይጮሃል፤ ሰው ያፉን ሳይውጥ ይነሳል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የእጅ ውሃ አፈሳለሁ። እናቴ ደግሞ «የረሱት ዕቃ እንዳይኖር» እያለች ከኋላዬ በጠረጴዛዎቹ መካከል ትዞራለች። ሳህን የማነሳው የመጨረሻው ሰው እጁን ታጥቦ ከሄደ በኋላ ነው።

ጉርሻ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ከአገባቡ እለየው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሳንቲሙን እንደ ሌባ ተደብቆ ከሳህኑ ሥር ያስገባል። ነጋዴ አያስቀምጥም፤ ሂሳቡንም ቢሆን ተከራክሮ ነው የሚከፍለው። ሙስሊሞቹ መንገደኞች ሥጋውን ከታች ከሙስሊም ቤት በልተው ለሻይ ብቻ ይመጣሉ፤ «አላህ ይስጥሽ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ክላክሱ እየጮኸ፣ ሰው እየተጋፋቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ከሥር ከመሠረቱ ይጀምሩታል። እኔ «አሜን፣ አሜን» እላለሁ፤ ዓይኔ ግን ሳህናቸው ሥር ነው።

እናቴ ጉርሻዬን አትነካም። «የእጅሽ ነው፤ ለመንገድሽ አስቀምጪው» ትለኝ ነበር። መንገዴ አዲስ አበባ ነበር። መርካቶ ያለችው አክስቴ ልብስ ስፌት ላስተምርሽ ብላ ልካብኝ፣ የቀረኝ መሳፈሪያና እስክለምድ የምይዘው ትንሽ ገንዘብ ነበር። ይህን ለእናቴ ከነገርኳት ወዲህ ከሳህን ሥር የማገኘው ነገር በረከተ። እኔም ምክንያቱ ፈገግታዬ ነው ብዬ አመንኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄው ነበርና ሥራውን ሠራ አልኩ።

ታዲያ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ምግብ ቤት ከፈተ። ግድግዳውን አረንጓዴ ቀባው፣ ሬዲዮ አስገባበት። ብዙም ሳይቆይ ሾፌሩ ምሳውን በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ከመጋረጃው ወጣና እናቴን ጠጋ አላት።

«እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እንደርስዎ የሚከትፍ የለም። ግን ዘመኑ ተለወጠ። ማዶ ከምሳው ጋር ለሲጋራ የሚሆን ያስይዙኛል።»

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ የምሰጠው ምሳ ነው። ሲጋራ አልሸጥም» አለችው።

ሳቀ። በማግስቱ አውቶቡሱ በራችን ላይ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አልፎ ማዶ ቆመ።

ሥጋው ተከትፎ ነበር። ቅቤው ቀልጦ ነበር። በሩ ላይ የውሃውን ማሰሮ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ፣ አንዳንዶቹ ወደ እኛ ዞር ብለው ሲያዩና ከሌላው ጋር ማዶ ሲገቡ አየሁ። እንደ ጅል ማሰሮውን ይዤ መቅረቴ ይበልጥ አናደደኝ። እናቴ ግን በማግስቱም ከተፈች። በሦስተኛው ቀንም ከተፈች፤ የበላነው እኛና ጎረቤት ነን። ከዚያ በኋላ ከገበያ ቀን በቀር ሥጋ መግዛት ተወች፤ ከበር ላይ ግን አልጠፋችም። ክላክሱ ማዶ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፤ ከዚያ የምንሠራው ስለሌለ ተመልሰን እንቀመጣለን። እኔ መቀመጡም አቃተኝ። ወንበር ከቦታ ቦታ አዛውራለሁ፣ የጠራ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ፣ ከእናቴ ጋር በረባ ባልረባው እጣላለሁ።

«ስጪው!» አልኳት አንድ ቀን። «ሁሉም የሚሰጠውን አንቺ ለምን ትሰስቻለሽ? ከፈለግሽ ከእኔ ላይ ውሰጂ!»

«ያንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትነግር፦ «ባበላው እንግዳዬ ነው። ከከፈልኩት ግን ተሳፋሪዎቹን ከእሱ ገዛኋቸው ማለት ነው። ሰው ገዝቼ አላበላም።»

አነጋገሯ ያምር ነበር። ቤቱ ግን ባዶ ነበር። ዘይቱም ጨውም እያለቀ ነበር፤ የእናቴም ፊት እየጠቆረ ሄደ። እኔ ደግሞ በቁጭት የምትሞት እናት ጥዬ መሄድ አልችልም። ስለዚህ ጉርሻዬን የቋጠርኩበትን መሐረብ ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ጎን ቆሞ ጎማውን በእግሩ እየመታ ነበር። መሐረቡን እጁ ላይ ፈታሁለት። «ነገ እኛ ጋ ቁም። እናቴ እንዳትሰማ» አልኩት። አየኝ፣ ሳንቲሞቹን አየ፣ ኪሱ ከተታቸው። «አንቺ ነሽ ነገር የገባሽ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ኩራት ተሰማኝ።

በማግስቱ አውቶቡሱ በራችን ቆመ። እናቴ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ጎረቤት ጮሃ ጠርታ፣ ሥጋ አስመጥታ፣ ለሾፌሩ መጀመሪያ አቀረበች። ሲሄዱ ወገቧን ይዛ መንገዱ መሐል ቆመችና «ምላሱ አስታወሰው!» ብላ ሳቀች። «ወጥ በገንዘብ አይረታም፣ አላልኩሽም?» እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አበሳዬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌሩ በሄደ በመጣ ቁጥር ከአውቶቡሱ ጎን ይጠብቀኛል። ከሳህን ሥር ያገኘሁትን ወስጄ እሰጠዋለሁ። ተሳፋሪው ለእኔ ይሰጣል፣ እኔ ለሾፌሩ እሰጣለሁ፣ ሾፌሩ ተሳፋሪ ያመጣልኛል። ወደ አዲስ አበባ ሊያስኬደኝ የነበረው ገንዘብ ወልቂጤ ላይ አሰረኝ፤ ብሄድ ማን ይከፍለዋል? ሰው ሲበላ ማየት አስጠላኝ። የማየው ኪሱን ነው። ፈገግታዬን አበዛሁት፤ መንጋጋዬ እስኪዝል ድረስ። ሂሳብ የሚከራከረውን ነጋዴ ጠላሁት፣ ይግረማችሁና የሚመርቁትን ሽማግሌዎች ይበልጥ ጠላኋቸው። «ቤታችሁ አይጉደል» ሲሉኝ ‹እሱን ለሾፌሩ ንገሩት› እላለሁ በሆዴ። ሌሊቱን እንኳ በሕልሜ ሳህን ሳነሳ አድር ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ጉብሬ ለቅሶ ሄደች። አውቶቡሱ ወደ ጅማ የሚወርድበት ቀን ነበር። ጎረቤታችን ከተፈች፣ እኔ አስተናገድኩ። ተሳፋሪው እንደ ሌላው ቀን ነበር፤ ክራባት ያሰረ ሠራተኛ አለ፣ ወታደር አለ፣ ከእነልጆቿ የምትሄድ ወፍራም እመቤት አለች። በሉ፣ ወደዱ፣ ክላክሱ ጮኸ፣ ውሃ አፈሰስኩ። ተመልሼ ሳህኖቹን አነሳሁ።

ምንም የለም። ከክራባቱ ሰውዬ ሳህን ሥር የለም። ከእመቤቲቱም የለም። ከወታደሩ ሥር አሥር ሳንቲም አገኘሁ፤ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ፈገግታዬ እንደከዳኝ ነው። ሳህኖቹን መልሼ ገለበጥኩ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ፈለግኩ።

ሾፌሩ አሥር ሳንቲሟን በመዳፉ ላይ አገላበጣት። «ነገ የሁለት ቀን አድርገሽ ጠብቂኝ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

እናቴ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ አብጦ ነበር። ስለ ለቅሶው ስትነግረኝ ቆየችና በመሐል ቀና ብላ አየችኝ።

«ዛሬ ያስቀመጠልሽ የለም፣ አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ግድ የለም፤ የእስካሁኑ ለመንገድሽ ይበቃሻል። መቼ ነው የምትሄጂው? እየጠበቅኩ እኮ ነው» አለች።

ያኔ ገባኝ። እኔ በሩ ላይ ውሃ ሳፈስ እሷ የተረሳ ዕቃ አልፈለገችም። ሳንቲሞቹን ከሳህን ሥር የምታስገባው እሷ ነበረች። በእጇ ብትሰጠኝ የቤቱን ችግር እያየሁ እንደማልቀበላት ታውቃለች። ለሾፌር አልከፍልም ያለችው እናቴ በእኔ እጅ ስትከፍለው ከርማለች።

መደበቅ አልቻልኩም፤ ለሾፌሩ ስሰጥ መክረሜን ነገርኳት። ምላሿን ስጠብቅ ከበሩ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ በሩ እመላለሳለሁ። እናቴ በጉራጊኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ በየትኛውም ቋንቋ የምጽፈው አይደለም። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ረዘመብኝ፤ መጨረሻው ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ልብስሽን ጠቅልይ» አለችኝ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ በራችን ቆመ። እናቴ ለሾፌሩ ከሁልጊዜው የበለጠ ክትፎ አቀረበችለት። አስጨርሳ አበላችው፣ እጁን አስታጠበችው። ተሳፋሪው ገብቶ ሲያበቃ እኔን በክንዴ ይዛ ወደ አውቶቡሱ በር ወሰደችኝና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ይህች ልጅ መሳፈሪያዋን ቀድማ ከፍላሃለች። ስንቴ እንደከፈለችህ አንተ ታውቀዋለህ። ወንበር ስጣት።»

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየዋል። ሾፌሩ እኔን አየ፣ እነሱን አየ፣ ከኋላው ካለው ወንበር ላይ ራሱ የጫነውን ጆንያ አነሳ። ተቀመጥኩ። እናቴ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ስንቅ በመስኮቱ አቀበለችኝ።

«እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ማዶ ነው የሚቆመው» አልኳት።

«ይቁም» አለች። «ወሊሶ ሳትደርሺ እንዳትፈቺው።»

ማዶ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ በር ላይ ቆሞ አያውቅም፤ እሷም በገበያ ቀንና መንገዱን ተሻግሮ እሷን ፈልጎ በሚመጣ ጥቂት ተሳፋሪ ኖረች። ያን ዕለት ግን ወደኋላ ዞሬ ሳይ በሩ ላይ አልቆመችም፤ ገብታ ሳህን ታነሳ ነበር።

እስከ ወሊሶ ሾፌሩ በመስታወቱ አንዴ እንኳ ዓይኔን አላየም። እኔም መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ልውረድ ልውረድ አለኝ። ወሊሶ ስንቆም ቅጠሉን ፈታሁት። ቆጮ ነበር፣ ከላዩ አይብና ጎመን። ሁሉ ሻይ ጠጥቶ እስኪነሳ ምንም አልቀመስኩም፤ በመጨረሻ ቆጮውን ከቅጠሉ ላይ ቀና ሳደርገው ከሥሩ ስሙኒ ነበረች።

ቅቤ ነክቷታል። በነጠላዬ ጠርጌ ጨበጥኳትና ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ እጄን አልከፈትኩም።