በሜዳ አንቱ የለም

ጋሽ ኢታና ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ቆዳ ሰፊ ነበሩ። ጫማ፣ ቦርሳ፣ የመኪና ወንበር፣ የመጣላቸውን ሁሉ ይሰፋሉ፤ የሚወዱት ግን ኳስ መስፋት ነበር። ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት የተተረተረ ኳስ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ከመነዳሪውን፣ የውስጥ ላስቲኩን፣ አውጥተው ይለጥፉና መልሰው ይከቱታል፤ ከዚያ በሰም የታሸ ክር ይዘው በወስፌ እየበሱ ይዘጉታል። ሲጨርሱ መሬት ላይ አንድ ጊዜ ያነጥሩታል። "ይታዘዛል" ካሉ አለቀ፤ ካላሉ እንደገና ይተረትሩታል። ባለኳሱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ጨዋታ ሊጀመር ነው ቢል የሚሰማው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ደስ ይላል፤ ዳኛ ሲሆን ግን መከራ ነው። እሳቸው ደግሞ ዳኛችን ነበሩ።

የሰፈራችን ጎልማሶች ተሰብስበን የጤና ቡድን አቋቁመን ነበር። የጤና ቡድን ማለት ቦርጩ የገፋ፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣ "ድሮ እኔ እኮ" የሚል ሰው ሁሉ እሑድ በጠዋት ኳስ የሚያባርርበት ማኅበር ነው። ከአብነት ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንገናኛለን። በሦስት ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ስለዚህ ላባችን ሳይደርቅ አዳራሽ ገብተን ስለ ምርት ዘመቻ ስንወያይ ብዙ ሰው አጠገባችን መቀመጥ አይወድም ነበር።

ጋሽ ኢታና በወጣትነታቸው ጉልበታቸው ስለተጎዳ አይሮጡም። ፊሽካ ይነፋሉ፣ ደንብ ያወጣሉ። ደንቡን በጫማ ካርቶን ክዳን ላይ በእጃቸው ጽፈው ይዘውት ይመጡና ከጎሉ ጀርባ ያቆሙታል። አርፍዶ የመጣ፣ የተሳደበ፣ ተጠባባቂ አልሆንም ብሎ ያኮረፈ፣ ሁሉም ቅጣቱ አንድ ነው፤ የቡድኑን ማሊያ በሙሉ ማጠብ። ከሥሩም "በሚስት ማሳጠብ ክልክል ነው" የሚል ተጨምሮበታል። ይህን ያስጨመሩት ሚስታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው ይባላል፤ እውነት ይመስለኛል።

ከደንቦቹ ሁሉ ያስቸገረን አንቀጽ ሰባት ነው። መነሻው ጋሽ ገብረየሱስ የሚባሉ የስድሳ ዓመት ሸማኔ ናቸው። ጋሽ ገብረየሱስ ኳስ ሲይዙ ወጣቱ ሁሉ "ይለፉ ጋሼ" እያለ መንገድ ይለቃል። ማን ደፍሮ ሽማግሌ ይገጫል? በረኛው እንኳ ትንሽ ዘገየት ብሎ ነበር የሚወድቅላቸው። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጎል ያገባሉ፤ እውነትም አብዶ የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። አንድ እሑድ ከተክለ ሃይማኖቶች ጋር ስንጋጠም ግን እነዚያ ሽማግሌው ማን እንደሆኑ አያውቁም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ኳሷን ነጥቀዋቸው ሄዱ። ሰባት ለአንድ ተሸነፍን። ጋሽ ገብረየሱስ ሳር ላይ ተቀምጠው፣ "ለካ ስታታልሉኝ ነው የኖራችሁት!" ብለው አለቀሱ።

በሳምንቱ ካርቶኑ ላይ አዲስ መስመር ሰፈረ፤ "አንቀጽ ሰባት። በሜዳ አንቱ የለም።" ጋሼ የለም፣ ጓድ የለም፣ አቶ የለም። ሁሉም በስሙ፣ ሁሉም አንተ። አንቱ ያለ ማሊያ ያጥባል።

ለመናገር ቀላል ነው። እኔ ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ፤ አባቴን በሚያካክል ሰው ላይ "ገብረየሱስ፣ አቀብለኝ!" ብዬ ስጮህ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ጨዋታው ሲያልቅ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ለሁለት ወር ያህል ከጨዋታ በኋላ ሜዳው የይቅርታ ሜዳ ሆኖ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመድነው። ጋሽ ገብረየሱስም ከእውነተኛ ተከላካይ ጋር እየታገሉ በወር አንድ ጎል ማግባት ጀመሩ፤ በዚያች አንድ ጎል የሚደሰቱትን ደስታ በድሮዎቹ ሁሉ አላየሁባቸውም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በድሉ ቡድናችንን ተቀላቀለ። ሐኪም ስፖርት ሥራ ብሎት ነው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም አንተ አንቺ ሲል አያፍርም፤ እሱን ግን አገሩ ሁሉ ጓድ ሊቀ መንበር ይለዋል። አንቀጽ ሰባትን ሲያነብ ስቆ፣ "ጥሩ ነው፣ እኩልነት ነው" አለ። በቃሉ ያመነው ግን አልነበረም። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መስመሩ ላይ ቆሞ ሳለ በድሉን አንተ የሚል ማን ነው? አንቱ እንዳንለው ማሊያ ማጠብ አለ። ብልሃት አወጣንለት፤ "ኳሱ ወዲህ ይምጣ!" ማለት። ኳሱን እንጂ ሰውየውን አልጠራንም። ሲመጣብንም መንገድ እንለቃለን። ጋሽ ኢታና ያዩ ነበር፤ በዚህ ግን የሚቀጡበት ቃል አላገኙም።

ነገሩ የከረረው ከተክለ ሃይማኖቶች ጋር ዳግም በምንጋጠምበት ሳምንት ነው። እኔ የምሠራው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስለነበር ወሬውን ከምንጩ ሰምቼዋለሁ። ጋሽ ኢታና የሚሠሩባት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። በድሉ ሰኞ ዕለት አስጠርቷቸው፣ "ቤቷ ለሸማቾች ሱቅ መጋዘን ትፈለጋለች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮሚቴው ይወስናል። እናያለን" አላቸው። "እናያለን" ሲል ዓይናቸውን እያየ ነው፤ እንደ እሑዱ ዳኝነትህ ማለቱ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩባት፣ በገቢዋ አራት ልጅ ያሳደጉባት ክፍል ናት፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩባቸው። "ጋሼ፣ ነገ ፊሽካውን ለሌላ ሰው ይስጡ። ወይ ደግሞ እሱ ሲያጠፋ አላየሁም ይበሉ። ጎመን በጤና" አልኳቸው።

ከሚሰፉት ኳስ ላይ ቀና ሳይሉ፣ "አምሳሉ፣ ያቋቋምነው የጤና ቡድን ነው ወይስ የጎመን ቡድን?" አሉኝ።

"ልጆችስ?"

ወስፌያቸው ቆዳው ላይ ቆሞ ቀረ። "እኔም እሱን ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት" አሉ በመጨረሻ። ፈርተው ነበር፤ አልደበቁኝም።

እሑድ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ሞላ። ከተክለ ሃይማኖቶች በኩል ኦልጅራ የሚባል ግዙፍ ሥጋ ሻጭ ተከላካይ አለ። የእኛን ሊቀ መንበር አያውቀው፣ ቢያውቀውም የሱ ሊቀ መንበር አይደለም። አንድ ጊዜ ኳሷን ነጠቀው። ሁለተኛ ነጠቀው። ሕዝቡ ሳቀ። በሦስተኛው በድሉ ከኋላው ሮጦ ደረሰና ኳሷ ከሄደች በኋላ ባቱን በጫማው መታው። ኦልጅራ እንደ ጆንያ ወደቀ። ከኋላ ሰው የመታ ከሜዳ ይወጣል፣ ሁለት እሑድም አይጫወትም፤ ደንቡን የማያውቅ አልነበረም።

ጋሽ ኢታና ፊሽካውን ነፉ። እያነከሱ ሄደው በድሉ ፊት ቆሙ።

"ይውጡ" አሉ።

በድሉ ላቡን እየጠረገ ፈገግ አለ። "ማን ነው የሚወጣው?"

"እርስዎ።"

"እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ ሜዳ ውስጥ አለ እንዴ?" ወደ ካርቶኑ ጠቆመ። "በሜዳ አንቱ የለም። የጻፍከው አንተ ነህ። እንግዲህ ያንን አንቱውን ፈልገህ አስወጣው!"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከልቤ ነው የሳቅሁት፤ መውጫ ተገኘ ብዬ። ጋሽ ኢታናም አብረው ቢስቁ፣ ኳሷን አስቀምጠው ለኦልጅራ ቅጣት ምት ቢሰጡ፣ ነገሩ በቀልድ ያልቃል፤ ቤታቸውም ይተርፋል። በድሉም ይህን ነበር የሚጠብቀው። በአደባባይ አንተ እንደማይሉት እርግጠኛ ነበር።

እሳቸው አልሳቁም። ፊሽካውን ከአፋቸው አውጥተው በሸሚዛቸው ጠረጉት። "ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አሉ። የበድሉ ፈገግታ ሰፋ።

"በድሉ" አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ "አንተ ነህ። ውጣ።"

የአብዮት ጥበቃው በድሉን ያያል፤ በድሉ ሰዉን ያያል። ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሞ መጨቃጨቅም አልሆነለትም። "እናያለን" ብሎ ወጣ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ሲያልቅ ጋሽ ኢታና የቡድኑን ማሊያ በሙሉ ጆንያ ውስጥ ሰበሰቡ። "አንቱ ብያለሁ፤ ተረኛው አጣቢ እኔ ነኝ" አሉ። አንዳችንም እንርዳዎ አላልንም፤ ለማለት አፍረን ነበር።

ማክሰኞ ኮሚቴው ወሰነ። በድሉ ቢሮው አስጠራቸው፤ እኔም ጥግ ላይ በጽሕፈት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ነበር።

"አቶ ኢታና፣ ይቀመጡ" አለ በድሉ። ከዚያን ቀን በፊት ማንንም አንቱ ሲል ሰምቼው አላውቅም። "ኮሚቴው ቤቱን ለመጋዘን መርጦታል። በሦስት ቀን ውስጥ ቁልፉን ያስረክቡ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

ጋሽ ኢታና አልተቀመጡም። "በየትኛው አንቀጽ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ምኑ?"

"ቤቱ የሚወሰደው። ይነበብልኝ።"

በድሉ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። እሳቸውም ጥቂት ጠብቀው፣ "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይሏል ይህ ነው" ብለው ወጡ።

የማስለቀቂያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት ዕቃቸውን ሳሸክማቸው ነገርኳቸው፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። "አንብቤዋለሁ፤ አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም" ብለው ሳቁብኝ። ጋሽ ገብረየሱስ ከቤታቸው ጣሪያ ክፈፍ ሥር አንድ አግዳሚ አስቀመጡላቸው። ወስፌውን፣ ሰሙን፣ ክሩን እዚያ ደረደሩ። ዝናብ ሲመጣ ሥራ የለም ማለት ነው፤ ክረምቱ ደግሞ እየገባ ነበር። ወይዘሮ ጠጅቱ አላለቀሱም፤ በማግስቱ ግን ጉሊት ወጥተው ሽንኩርት ሲሸጡ አየኋቸው።

እሑድ ጋሽ ኢታና ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እኔ እንዲያውም ባይመጡ እመኝ ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት ጆንያቸውን ተሸክመው መጡ። ማሊያዎቹ ታጥበው፣ ተጣጥፈው፣ በቁጥራቸው ተደርድረዋል። ተሰለፍን፤ በየስማችን እየጠሩ ያድሉን ጀመር። በድሉም ቁምጣውን ለብሶ ከሰልፉ መሐል ቆሟል። ተራው ሲደርስ እጁን ለዘጠኝ ቁጥር ዘረጋ።

ጋሽ ኢታና ዘጠኝ ቁጥርን መልሰው ጆንያው ውስጥ ከተቱ።

"ሁለት እሑድ ነው የተባለው። ዛሬ የመጀመሪያው ነው" አሉት።

በድሉ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለማስፈራራት አይመስለኝም፤ የምር ግራ ገብቶት ነው። "ኢታና፣ ቤቱ እኮ ተወስዷል" አለ።

"አዎ፣ ወስደኸዋል" አሉ ጋሽ ኢታና። "ሌላ የምትወስደው የለም። አሁን ቁጭ በል።"

ድምፃቸው በዚህኛው ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። እንባዬ መጣ፤ ደስታ ይሁን እፍረት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በድሉ ዞሮ የአብዮት ጥበቃውን አየ፤ ሰውየው ግን ጫማውን እያየ ነበር። ከዚያ በድሉ ሄዶ ከመስመሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኛም ያለ እሱ፣ አሥር ሆነን ጀመርን።