ልጄ የማትነክስበት ቤት

የኬጂዋ መምህርት የአንድ ሕፃን ክንድ ይዛ ወደ ዓይኔ አስጠጋችልኝ። የጥርስ ምልክት በክብ ታትሞበታል፤ ከላይ በኩል መሃሉ ክፍት ነው። ልጄ ፍንጭት ናት። መካድ አልቻልኩም።

«በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው፣ እህቴ» አለችኝ። «ወላጆች እየተቆጡ ነው። የባለሙያ ወረቀት አምጪ፤ አለዚያ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንመዘግባትም።»

በሩ ላይ ሌላ እናት «እንሂድ» አለች፤ ልጇ ቦርሳውን አንስቶ ተከተላት። በቃ፣ ተከተላት። በሰው ወርቅ ቀንቼ አላውቅም፤ በዚያ መከተል ግን ቀናሁ። የሴቻን ዳገት በባጃጅ ስንወጣ ልጄ እየጮኸች ጭኔን ትደበድባለች፤ እኔ ግን ያቺን ሴት በልቤ እሰድባለሁ።

ባለቤቴ ሥራው ሩቅ፣ ካምባ ወረዳ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ሆስፒታል የሄድነው እኔና ልጄ ነን። ሁሉም «ሲስተር» የሚላት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ልጄን ለረጅም ጊዜ ስትጫወት አየቻት፤ ከዚያ ደብተር ላይ ሦስት መስመር አስምራ ሰጠችኝ። ከመንከሷ በፊት የሆነው፣ ስትነክስ፣ ከነከሰች በኋላ። «ያየሽውን ብቻ ጻፊ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። መጻፍማ የኔ ነው! ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ በውሰት መጽሐፍ፣ በተቀደደ ወረቀት ጀርባ የተማርኩት ነው። በሳምንቱ ደብተሩን ሞልቼ ወሰድኩላት። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ሰማዩ ከዓይኗ ሥር ተሰነጠቀ፤ ጥርሷ መብረቅ ሆነ።›» ቀና አለች። «ያምራል፤ ሠርግ ላይ ይነበባል። ግን ከመብረቁ በፊት ምን እያደረገች ነበር?»

«እንጃ።»

«አንቺስ?»

«እየጻፍኩ ነበር።»

ሳቋን ዋጠች። ከዚያ «የማትነክስበት ቦታ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት።

ዋሸሁ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስሠራ ልጄን የምተዋት ጎረቤታችን ጋ ነው። ባሏ ሸማኔ ነው፤ እሷ ጥጥ ትፈለቅቃለች፣ ትፈትላለች። እዚያ ቤት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልተነከሰም። ጋሞኛ በሚነገርበት ኦቾሎ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ እኔንም ልጄንም «አንተ» ትለናለች። «ና» ስትላት ልጄ ትሄዳለች። እኔ «ነይ» ስላት ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። አንድ ቀን ልወስዳት ስገባ ጭኗ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። አየችኝና ለጎረቤቴ በሹክሹክታ «መጣችብን» አለቻት።

ይህን ለሲስተር እንዴት ልንገራት? ከነገርኳት ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ያለ ግጥም ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት፦ «ተነሺ! ረፈደ!» አልኳት፤ ነከሰችኝ። ማክሰኞ፦ አሻንጉሊቷን ነጥቄ ጫማ አደረግሁላት፤ ነከሰችኝ። ረቡዕ፦ ስጽፍ ቆይቼ ድንገት ብድግ አልኩና እጇን ጎተትኩ። «ከመንከሷ በፊት» በሚለው መስመር ላይ ያለው ድምፅ ሁሉ የኔው ነው። ሲስተር አንብባ ደብተሩን ዘጋችው።

«ምን እንደሚያስነክሳት አሁን አውቃለሁ» አለችኝ። «ወረቀቱን ለመጻፍ ግን የሚያረጋጋትንም ማወቅ አለብኝ። እውነት ምንም ቦታ የለም?»

መመዝገቢያው አምስት ቀን ቀርቶታል። «ጎረቤቴ ጋ አትነክስም» አልኳት።

አልገሠጸችኝም። «ሂጂና ተቀምጠሽ እዪ። አታውሪ» አለችኝ።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ጎረቤቴ ቤት ደረቅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሥራ የለህም እንዴ ዛሬ?» አለች ጎረቤቴ።

«ልማር መጣሁ፣ እትዬ።»

«ጥጥ?» ሳቀች። «በዚህ ጥፍርህ?»

ልጄ እንደሌለሁ ቆጥራኝ ከጥጡ ፍሬ ትለቅማለች። የመሄጃችን ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቴ አልጮኸችም፤ አልተነሳችም። ሦስት ጥጥ ለይታ ፊቷ አስቀመጠች። «ይሄ ሲያልቅ፣ ይሄ ሲያልቅ፣ ይሄ ሲያልቅ፣ እጅ ትታጠባለህ። ከዚያ ከእናትህ ጋ ቤት።» ልጄ አንዱን ጨረሰች። ሁለተኛውን ስትጨርስ «አንድ ቀረ» አለች። ሦስተኛውን ጨርሳ ራሷ ተነሳች፤ እጇን ታጠበች።

ይኸው ነው። እኔ መቼም አስቀድሜ ነግሬያት አላውቅም። እኔ ብድግ ስል ዓለሟ ብድግ ይላል። ይህን ማወቄ ቅናቱን ቀነሰልኝ ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም ባሰበት። አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ልጄን ከኔ በላይ አንብባታለች።

ሲስተር ያየሁትን ወረቀቱ ላይ አሰፈረችው፦ ከመንቀሳቀሷ በፊት ይነገራት፤ የቀረው በቁጥር ይታያት። መምህርቷ አንብባ «አንድ ወር እንሞክራለን» አለች። «ግን መጀመሪያ ቀን ይህን የሚያውቅ ሰው አብሯት ይምጣና ያሳየኝ።»

እኔም አሁን አውቀዋለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ሦስት ቀን ቤት ሞክሬው ሁለቱን ተነክሻለሁ። «ጎረቤቴ ትመጣለች» አልኳት።

ሰኞ ጎረቤቴ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ልጄ መሃላችን ሆና የያዘችው የእሷን እጅ ነው። እኔ ከአጥሩ ውጪ ቀረሁ፤ ብገባ አበላሸው ነበር። በቀዳዳው ሳይ ጎረቤቴ ለመምህርቷ ጣቶቿን እያጠፈች ታስረዳታለች፤ መምህርቷም እንደ ተማሪ ታጥፋለች። ልጄ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ዞራ እጇን አወዛወዘች። ለጎረቤቴ ነበር።

እኔም ከአጥሩ ጀርባ አወዛወዝኩ።