አምስት እሁድ ያቀረብኩት ቦሎቄ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሚስተር ራሞን ጥቁር ሽርጥ፣ እርጥብ ጨርቅና ግራጫ የፕላስቲክ ገንዳ ሰጠኝ። «ሰው በልቶ ሲነሳ ሳህኑን እዚህ ውስጥ። ከዚያ ጠረጴዛውን ጥረጊ፤ ከዚያ ጨውና ናፕኪኑን አስተካክዪ» አለኝ። ትሬኒንጉ በቃ ይኸው ነበር። አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራው በሰር ይባላል፤ ከዕቃ አጣቢ አንድ ደረጃ ከፍ፣ ከአስተናጋጅ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ። እኔ ግን ሽርጡን ሳስር ራሴን በመስተዋት ሁለቴ አይቻለሁ።

ያን ቀን አንድም ሳህን አላነሳሁም። ሰው አልመጣማ።

ቤቱ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ነው፣ እዚህ ውጭ አገር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባል መንገድ ላይ፣ አስራ አንድ ጠረጴዛ ያለው። ራሞንና ሚስቱ ሉፔ አስር ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ ኤደን ፕሬሪ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሠርተው ነው የከፈቱት፤ ያውም በጃንዋሪ። «ተከፍተናል» የሚለው ባነር ውርጭ ይዞት እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። ምግቡ ርካሽ ነው፣ ሳህኑ ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ግን በዚያ ብርድ ማን ከመኪናው ይውረድ?

ወጥ ቤቷ ሉፔ ናት። ሥራ ፈትቼ ስቆም አይታ አንድ ሳህን አቀበለችኝ፤ ተፈጭቶ የተጠበሰ ቦሎቄ፣ ቀይ ሩዝ፣ ትኩስ ቶርቲያ። ቶርቲያ ስስ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ቆርሰሽ በእጅሽ ትጠቀልዪበታለሽ። በእጅ! ሹካውን መልሼ አስቀመጥኩት። ቦሎቄ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። ምን ቢያደርጉበት ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ሁዳዴ ገባ። የቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ኪራይ ስለሆነ ኩሽናውን አይሰጡንም፤ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ተርቦ ይበተናል። አዛውንቶች ቤት በነርስ ረዳትነት የሚሠሩት እትዬ አስካለ፣ የሴቶቹ ማኅበር አለቃ ናቸው፣ ያዙኝ። «አንቺ፣ ያ የምትሠሪበት ቤት የጾም አለው?»

«ጠይቄ ልምጣ» አልኳቸው።

ጠየቅኩም። ሉፔ ድስት እያማሰለች ነበር።

«ቦሎቄው ሥጋ አለው?»

«የለውም።»

«ቅቤስ? ወተት? እንቁላል?»

«ኧረ ምንም የለውም። እኛም እኮ በጾም አርብ አርብ ሥጋ አንበላም» አለችና ሳቀችብኝ።

በጾሙ የመጀመሪያ እሁድ አስራ አራት ሰው ነጠላውን እንደለበሰ ገባ። ራሞን ሮጦ ጠረጴዛዎቹን አገጣጠመ። እትዬ አስካለ ቶርቲያውን አንስተው «ምነው፣ እንጀራቸውን ብርድ አጨማዶት ነው እንዲህ ያነሰው?» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እማማ ዘነበች ብቻ አልሳቁም። ቆራቢ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጾም ሽረው አያውቁም። ሳህኑን ሳስቀምጥላቸው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጠይቀሻል?»

«ጠይቄያለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ባንቺ ይሁን» ብለው ባርከው በሉ።

በየእሁዱ መጡ። ራሞን እሁድ እሁድ አስተናጋጅ አደረገኝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ከሽርጤ ኪስ ገባ። ለእነሱ ምግብ ሳቀርብ ስሜን ሲጠሩኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሌላውን ቀን ቤቱ ባዶ ነው። እሁድ ግን ሉፔ ድስት ትጨምራለች።

ከአምስተኛው እሁድ በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ሉፔን ትከሻዋን አመማት። «ከጓዳው ነጩን ባልዲ አምጪልኝ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ጓዳ ገብቼ አላውቅም፤ የኔ ሥራ ከኩሽናው በር ወዲህ ነው። ባልዲውን ሳነሳ ጎኑ ላይ የአሳማ ሥዕል አየሁ።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ለቦሎቄው ነዋ።»

«ሁልጊዜ?»

«ያለሱ ምን ጣዕም አለው?»

«ምንም የለውም ብለሽኝ!»

ማማሰያውን አስቀመጠች። ግራ ገብቷታል እንጂ አልደነገጠችም። «ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ነው የጠየቅሽኝ። ስብ እኮ ሥጋ አይደለም።» አልዋሸችኝም። በእነሱ ጾም ስብ አይቆጠርም። በእኛ ቤት ደግሞ ወጥ በቅቤ ካልሆነ በዘይት ነው፤ ሦስተኛ ነገር መኖሩ በሐሳቤ አልመጣም። ያላሰብኩትን እንዴት ልጠይቅ?

ራሞን ሰምቶ መጣ። «ከነገ ጀምሮ በዘይት፣ በአዲስ ድስት» አለ። «ግን አትንገሪያቸው። የተበላውን ማን ይመልሰዋል?» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከእነሱ ሌላ ማን አለኝ?» አለኝ። እኔ አሁንም ባልዲውን እንደያዝኩ ነበር።

ማግስቱ ስድስተኛው እሁድ ነበር። መጡ፣ ተቀመጡ፣ አቀረብኩ። ቦሎቄው በዘይት ነው፤ ስትሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ንጹሕ ነው። ዝም ብል ማን ያውቃል? ዝም ልልም ነበር፤ አልደብቅም።

እማማ ዘነበች አንድ ጉርሻ ጎርሰው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ዛሬ ጣዕሙን ምን ነካው?»

«በዘይት ስለተሠራ ነው፣ እማማ።»

«እስከ ዛሬስ በምን ነበር?»

ራሞን የውሃ ማሰሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አማርኛ አያውቅም፤ ፊቴን ግን ያያል።

«በአሳማ ስብ» አልኩ።

ማንም አልጮኸም። ምነው በጮኹብኝ እል ነበር። እትዬ አስካለ ብቻ «አንቺ ልጅ! ጠይቄያለሁ አላልሽም?» አሉ።

«ሥጋና ቅቤ ነው የጠየቅኩት፣ እትዬ።»

እማማ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ቆርቤ ነው እኮ የበላሁት» አሉ፤ ለኔ አልነበረም የሚናገሩት። በሌላ ሴት ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ግራጫ ገንዳዬን አምጥቼ አስራ አራት ሳህን አነሳሁ። ከእማማ አንድ ጉርሻ በቀር ሁሉም ሙሉ ነበር።

ቄሱ «ባለማወቅ ነው» ብለው ስግደት አዘዙ። እማማ ዘነበች በዚያ ጉልበታቸው ሰገዱ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ አየሁ። ለፋሲካ ሳሙኝ። ግን ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

ራሞን አንድ ወረቀት በአማርኛ እንድጽፍለት ለመነኝ። «የጾም ምግብ አለ፤ በዘይት ብቻ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤ እሱ መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ማንም አልገባም። በኦገስት ዘጋ። ሉፔ ሽርጡን ውሰጂው አለችኝ። ራሞን ጨብጦኝ «እኔ ብሆን አልናገርም ነበር» አለኝ፤ ተቆጥቶ ይሁን አመስግኖ እስካሁን አላውቅም። ሁለቱም ኤደን ፕሬሪ ወደ መጋዘኑ ሥራ ተመለሱ። በአውቶቡስ ሳልፍ ወረቀቴ ከባዶው ቤት መስኮት ላይ አለ፤ ፀሐይ አንጥቶታል፣ ግን ይነበባል።

አሁን ሌላ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። አዲስ የምትቀጠሩ ልጆች፣ ሰው ምግቡ ምን እንዳለበት ሲጠይቃችሁ ወጥ ቤቱን «ይሄ አለው? ያ አለው?» አትበሉት። «ምን ምን ገባበት?» በሉት፤ ከዚያ ግቡና ሲሠራ እዩ።