ቀይ ክር

አገርነሽ ሃያ ሁለት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርታለች። ማሽኖቹ ጆሮዋን ወስደውባታል። ጨርሳ አልደነቆረችም፤ ፊት ለፊቷ ሆኖ ከንፈሩን እያሳየ የሚናገራትን ሰው ትሰማለች። የባሰው ነገር የራሷን ድምፅ አለመስማቷ ነበር። «ደህና ዋላችሁ» ስትል ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰው የምትጠራ ይመስላል።

የተዋወቅነው በቅዳሜ ማኅበር ነው። ማኅበር ይባል እንጂ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠን የጻፍነውን እናነባለን። እኔ የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። «የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል» ተብዬ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆንሁ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳነበበ በመዝገብ አሰፍራለሁ። ሥራውን ወድጄው ነበር፤ መዝገብ የያዘን ሰው ማንም ተነሥተህ አንብብ አይለውም።

አስተማሪያችን መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። የኔታ እንላቸዋለን። ከደሴቶቹ በአንዱ ብዙ ዘመን ቅኔ አስተምረው፣ ጉልበታቸው ታንኳ መውጣት መውረዱን እምቢ ሲላቸው ወደ ከተማ መጡ። እኛንም የሚያስተምሩን በቅኔ ቤት ደንብ ነው። ወረቀት አይቀበሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ያልጣማቸው ቦታ ሲደርስ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ አይናገሩም። አንባቢው አስቦበት አስተካክሎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል።

አገርነሽ የመጀመሪያ ጽሑፏን ማንበብ ስትጀምር ዋርካው ላይ የነበሩት ወፎች ተነሥተው በረሩ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ።

«ቀስ በይ እንጂ እትዬ፣ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ያሉት ሰዎች ተኝተው ይሆናል» አለ ቴዎ። ቴዎ የሠርግ መድረክ መሪ ነው፤ ድምፁ እንደ ማር የሚወርድ ልጅ።

ምን እንደተባለ አልሰማችም። መሳቃችንን ግን አየች፤ ወረቀቷንም አጠፈች። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቴዎ፣ ተነሥና የእሷን አንብብላት» አሉ። «በእኛ ቤት አንዱ ይቀኛል፣ ድምፅ ያለው ያቀርብለታል። ነውር የለውም።»

«የማን እንደሆነ አይጠፋም የኔታ?» አልሁ። በመዝገቡ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጨንቆኝ ነው።

«ጉባኤው ያውቃል» አሉኝ።

ስለዚህ በመዝገቡ «አንባቢ» በሚለው ረድፍ ቴዎ ብዬ ጻፍሁ። ሌላ ረድፍ አልነበረውም።

እሷ በበኩሏ ሌሎቻችን ስናነብ ስለማትሰማ፣ ወረቀታችንን ተቀብላ ዘንዘልማ ወደሚገኘው ቤቷ ትወስደዋለች። በሳምንቱ ስትመልሰው አንዳንዱ መስመር አጠገብ ቀይ ክር በመርፌ ገብቶ ተቋጥሯል።

«ድሩ ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል» አለችኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት። «እዚህ ላይ ስደርስ ቆምሁ። የተበጠሰውን አንተ ፈልገው።»

የመጀመሪያ ጽሑፌ አሥራ አንድ ክር ይዞ ተመለሰ። «አምሐ፣ ወረቀትህ ጺም አበቀለሳ» ብሎ ቴዎ አሳቀብኝ። እኔ ግን ያን ክር እየጎተትሁ፣ ለምን እዚህ ቆመች እያልሁ ነው መጻፍ የተማርሁት። የኔታ መቋሚያቸውን ሲመቱ እፈራ ነበር። ክሩን አልፈራውም፤ ማታ ብቻዬን ሆኜ የማየው ነገር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንዱ ስድስት፣ ስድስቱ ሦስት ሆነ። ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ተጠንቅቆ ያነበበኝ ሌላ ሰው የለም።

የእሷ ሥራ «በሩ ላይ» ይባላል። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሸንቲ በእግራቸው መጥተው ፋብሪካው በር ላይ ይጠብቋት ነበር። አንድ ቀን አገርነሽ ከሥራ ስትወጣ እናቷ በስሟ ጠሯት። ጆሮዋ ገና በማሽን ጩኸት ተሞልቶ ስለነበር ሳትሰማ አለፈች። እናት ልጄ በእኔ አፈረች ብለው ተመለሱ፤ ደግመውም አልመጡም። በዓመቱ ሞቱ። አገርነሽ ነገሩን የሰማችው በለቅሶው ላይ ከጎረቤት ነው። ይህን ጽሑፍ ዘጠኝ ወር ጻፈችው፣ ቴዎ ዘጠኝ ወር አነበበው። በመጨረሻው ቅዳሜ የኔታ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜም አልመቱም።

አምና ሥራዎቻችን በአንድ መድበል ሊታተሙ ሆነ። አሳታሚው የጽሑፎቹንና የጸሐፊዎቹን ዝርዝር ላክ አለኝ። ከመዝገቡ ገለበጥሁ። «በሩ ላይ — ቴዎ» ስል እስክሪብቶዬ ቆሟል፤ አልዋሽም። ነገር ግን አሳታሚው ሰውዬ ስልክ ላይ ቁጣ ቁጣ ይለዋል፤ እንደገና ደውዬ ላስቸግረው አፈርሁ። ቴዎ አይቶ ያስተካክለዋል አልሁ። ቴዎ ደግሞ አምሐ ያውቃል ብሎ ኖሯል። ዝርዝሩ ሄደ።

በምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቴዎ «በሩ ላይ»ን አነበበ፤ ሰው አለቀሰ። ከዚያ አንድ የተከበሩ እንግዳ ተነሥተው፣ ወጣት ወንድ ሆኖ የአንዲትን የፋብሪካ ሴት ልብ እንዲህ መረዳቱ ልዩ ስጦታ ነው ብለው ቴዎን አመሰገኑት። ቴዎ መሬት መሬት አየ። አዳራሹ አጨበጨበ። አገርነሽም ሰው ሲያጨበጭብ አይታ፣ ለእሷ መስሏት ነው መሰል፣ ነጠላዋን አስተካክላ አብራ አጨበጨበች።

መጽሐፉ ሲታደል ጣቷን ምራቅ እያስነካች ገጾቹን ገለጠች። አንዴ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«አምሐ፣ የእኔ የለም» አለች በዚያ ድምፅዋ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«አለ። ገጽ አርባ አንድ።»

«እሱንማ አየሁት። ስሜ ነው የለም የምልህ።»

የመዝገቡ ስሕተት ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው አልሁ። ግን አንገቴን ደፍቼ ነበር የተናገርሁት። እሷ ከንፈሬን ለማየት ጎንበስ አለች፤ እኔ ይበልጥ ደፋሁ። መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት የኔታ «ሴቲቱ ወዴት አለች?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉን ነገርኋቸው። በምረቃው ዕለት ታመው ስለነበር አልሰሙም።

«ጉባኤው ያውቃል ብዬ ነበር» አሉ። «መጽሐፍ ጉባኤውን ጥሎ እንደሚሄድ አላሰብሁም። ይህ የእኔ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አንተስ? ከጉባኤው አንዱ አልነበርህም?»

የእርማት ወረቀት አሳተምን። ቴዎ «እኔ እኮ አልሰረቅሁም፤ አንብብ ተባልሁ፣ አነበብሁ» እያለ የድርሻውን በእጁ ለጠፈ። መጽሐፉ ግን ለየትምህርት ቤቱ ተበትኖ አልቋል። እርማት የተለጠፈበት አርባ የሚሆን ቅሪት ነው።

አንዱን ይዤ በባጃጅ ዘንዘልማ ሄድሁ። በረንዳዋ ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። እርማቱን አነበበችው።

«አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«እኔ ነኝ።» አሁን ቀና ብዬ ነበር የተናገርሁት።

«ስትጠራኝ አልሰማኋትም» አለች። እናቷን ማለቷ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ስትናገር ሰማኋት። «በመጽሐፉ እንኳ መልስ ልሰጣት ነበር። አሁን መሸንቲ ላሉት ተማሪዎች የቴዎ እናት ሆናለች።»

ያኔም አላፈርሁም፤ ከቦርሳዬ አዲሱን ጽሑፌን አውጥቼ ሰጠኋት። ሌላ የማውቀው የይቅርታ መንገድ አልነበረኝም። ተቀበለችኝ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ፖስታው ኮሌጁ በር ላይ ለጥበቃው ተሰጥቶ ደረሰኝ። ቆሜ አገላበጥሁት። በአሥራ አራቱም ገጽ አንድም ክር አልነበረም። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም፤ ለየኔታ ላነብላቸው እየተጣደፍሁ ገጾቹን ሳስተካክል ነው ያየሁት። ዘጠነኛው ገጽ ከስምንተኛው ቀድሞ ነበር። በጥድፊያ እንደዚያ አድርጌ የከተትሁት እኔ ነኝ። እንዳለ ተመልሷል፤ ያነበበው ሰው ቢኖር እዚያ ላይ ይቆም ነበር።

ጽሑፉን እስካሁን ለማኅበሩ አላነበብሁትም። ወረቀቱን ያሳየኋቸው ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ደጋግሜም አየዋለሁ። የት ላይ እንደተበጠሰ ግን አላውቅም።